60 እጥፍ ያወጣው ብዕር

ጥያቄ

«ያገለገሉ ዕቃዎችን እየገዛሁ ኦንላይን መሸጥ ከጀመርኩ ቆየሁ። መጀመሪያ የሸጥኩት የራሴን ካፖርት ነበር። ቀጥሎ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በርካሽ ያነሳሁትን የፊልም ካሜራ ሸጥኩና የገዛሁበትን 20 እጥፍ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ እጄን መሰብሰብ አቃተኝ። ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል። ባለቤቴም ማጉረምረም ጀምሯል።

በቅርቡ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት እናት የሟች ባለቤታቸውን ዕቃ ሲያስወጡ ላግዛቸው ሄድኩ። ከመሳቢያ ውስጥ አንድ ጥቁር ብዕር አወጡ። ላዩ ላይ በወርቃማ ቀለም ዓሣ ተስሎበታል። ‹ልጄ፣ መቼም አንቺ እንዲህ ያለውን ታውቂያለሽ፤ ምን ያወጣ ይሆን?› አሉኝ። የጃፓን ብዕር መሆኑን፣ ሰብሳቢዎችም እንደሚፈልጉት ጠርጥሬ ነበር። ‹ብዙም አያወጣም› አልኳቸውና ትንሽ ገንዘብ ሰጥቻቸው ወሰድኩት። መርቀውም ሸኙኝ። ብዕሩ ብዙም ሳይቆይ በ60 እጥፍ ተሸጠ።

እህቴ ‹ንግድ ነው፤ ማን አስገደዳቸው?› ትለኛለች። እኔ ግን በደጃፋቸው ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። በሌላ በኩል ደግሞ ትርፉን ሳየው ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ ጊዜዬን ልስጠው እላለሁ። እህቴም በሽርክና ልግባ እያለችኝ ነው። ምን ይሻለኛል?»

አንገቷን የደፋችው

መልስ

እህቴ፣ የጠየቅሽኝ ሦስት ነገር ነው። ከብዕሩ እንጀምር። ሥራ መልቀቁም ሽርክናውም ለጊዜው ይቆያሉ። የብዕሩ ነገር ግን በቆየ ቁጥር ይከብዳል።

እህትሽ ልክ የሆነችበት ነገር አለ። ሕግ ብትጠይቂ ምናልባት ከእሷ ጋር ይቆም ይሆናል። አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገርሽ። ፈረንሳያውያን አዛውንት ባልና ሚስት በደቡብ ፈረንሳይ ያለ ሁለተኛ ቤታቸውን ሲያጸዱ አንድ አሮጌ የእንጨት ጭምብል አገኙ። በቅኝ ግዛት ዘመን አፍሪካ ውስጥ ባለሥልጣን ከነበረ ዘመዳቸው የወረሱት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ በ150 ዩሮ ሸጡለት። ጭምብሉ የጋቦን የፋንግ ሕዝብ «ንጊል» የሚባለው ብርቅዬ ጭምብል ኖሯል። በመጋቢት 2022 ሞንፔሊየ ከተማ ውስጥ ለጨረታ ቀረበና በ4.2 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። ባልና ሚስቱ ይህን የሰሙት ከጋዜጣ ነው። ነጋዴው 300,000 ዩሮ ልስጣችሁና እንታረቅ ቢልም ስምምነቱ አልሆነም። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በታኅሣሥ 2023 የአሌስ ፍርድ ቤት ለነጋዴው ፈረደ። ሻጮቹ ከመሸጣቸው በፊት ዋጋውን ለማጣራት አልጣሩም ነው ያለው። የጋቦን መንግሥትም ጭምብሉ ይመለስልኝ ብሎ ገብቶ ነበር። እሱም አልተሳካለትም።

አየሽ፣ ነጋዴው በሕግ አሸንፏል። ግን ደግሞ ራሱ 300,000 ዩሮ ልስጥ ብሎ ነበር። በእኔ ግምት ውስጡ የሆነ ነገር ባይቆረቁረው ያንን ገንዘብ አያወጣም። የፍርድ ቤት ወጪና ጭቅጭቅ ፈርቶ ነው የሚሉም አይጠፉም፤ ይሆናል።

የአንቺ ጉዳይ ደግሞ ከእሱም ይለያል። እንዲያውም ይብሳል ባይ ነኝ። ብዕሩን በርካሽ መግዛትሽ አይደለም ችግሩ። አሮጌ ዕቃ መሸጫ ገብተሽ ባለሱቁ ራሱ በለጠፈው ዋጋ ብትገዢው ኖሮ አንድም ቃል አይወጣኝም ነበር። በ2007 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከግቢ ሽያጭ ላይ ነጭ የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን በ3 ዶላር ገዛ። ለዓመታት ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጠ። ሲጣራ የሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው የቻይና የ«ዲንግ» ሸክላ ሆኖ ተገኘ። በ2013 ሶዝቢስ ጨረታ ላይ ከ2.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። እዚያ ማን ተታለለ? ሻጩ ዋጋውን ራሱ ተመነ። ገዥውም የተጠየቀውን ከፈለ። ማንም ማንንም አልጠየቀም።

አንቺን ግን ጠይቀውሻል። «ልጄ፣ ምን ያወጣ ይሆን?» ብለዋል። በዚያች ደቂቃ ገዥ መሆንሽ ቀርቶ አማካሪ ሆነሻል። የጠየቁሽ ስለሚያምኑሽ ነው። አንቺ ደግሞ እያወቅሽ «ብዙም አያወጣም» አልሽ። አንገትሽን ያስደፋሽ ይህ ዓረፍተ ነገር እንጂ 60 እጥፉ አይመስለኝም። ሁለት እጥፍ ብቻ ቢያወጣም ውሸቱ ያው ውሸት ነው።

ስለዚህ ሂጂና ንገሪያቸው። በስልክ አይሆንም፤ በልጅ መላክም አይሆንም። ራስሽ ሂጂ። «ከሸጥኩት በኋላ ነው ዋጋውን ያወቅኩት» እንዳትዪ አደራ። ይህ ሁለተኛ ውሸት ነው፤ ከመጀመሪያውም በላይ ተጣብቆሽ ይኖራል። «የጠየቁኝ ጊዜ ብዙ ሊያወጣ እንደሚችል ጠርጥሬ ነበር፤ አልነገርኩዎትም፤ ይኸው በዚህን ያህል ተሸጧል» በይና ሽያጩን በስልክሽ አሳያቸው። ከዚያ ዝም በይ። የሚሉትን ይበሉ። ሊቆጡ ይችላሉ፤ ሊስቁም ይችላሉ።

ገንዘቡስ ስንት ነው? ብዙዎች «ግማሽ በግማሽ» ይላሉ። እኔ እንዲህ አስባለሁ። ዕቃ በአደራ ተቀብለው የሚሸጡ ሰዎች ዕቃው ሲሸጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሲሦ እስከ ግማሽ ለራሳቸው ይይዛሉ። ቀሪው የባለቤቱ ነው። አንቺም ብዕሩን ለይተሻል፣ ፎቶ አንስተሻል፣ ገዥ አግኝተሻል፣ አሽገሽ ልከሻል። ይህ ሥራ ዋጋ አለው። ወጪውን በሙሉ ቀንሺ፤ ከቀረው ሲሦውን ያዢ፤ ሁለት ሦስተኛውን ስጫቸው። መጀመሪያ የሰጠሻቸውን ትንሽ ገንዘብ ደግሞ አታንሺው። እባክሽ «ስጦታ ነው» ብለሽ በፖስታ አሽገሽ እንዳትሰጫቸው። ስጦታ ከሆነ አንቺ ደግ ሆንሽ ማለት ነው፤ እሳቸውም አመስጋኝ ይሆናሉ። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የራሳቸውን ገንዘብ ነው የምትመልሽላቸው።

አልቀበልም ቢሉ? አታስጨንቂያቸው። ዋናው መናገርሽ ነው።

ወደፊትም ይህ ያጋጥምሻል። አሮጌ ዕቃ የሚያውቅ ሰው መሆንሽ ከተሰማ መሳቢያውን ከፍቶ «ይህስ?» የሚልሽ አይጠፋም። ያኔ ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው የምታውቂውን እውነት ተናግረሽ ዋጋ ማቅረብ ነው፤ «ኦንላይን ይህን ያህል ሲሸጥ አይቻለሁ፣ እኔ ግማሹን ልሰጥዎት እችላለሁ፣ ቀሪው የልፋቴና የኪሳራ ስጋቴ ነው» ማለት። ሁለተኛው በአደራ መሸጥ ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን በደስታ ይቀበላል። ዕቃውን ማስወጣት ይፈልጋል እንጂ ፎቶ አንስቶ ከማያውቀው ሰው ጋር መጻጻፍ አይፈልግም። ለአንቺም ይሻልሻል፤ ገንዘብሽን አስቀድመሽ አታስሪም። ደግሞ ሀቀኛ ነች የተባለች ሰው ጋ ዕቃው ራሱ ይመጣል። ልጆች የወላጆቻቸውን ቤት ሲያስረክቡ ማንን ይጠራሉ? የሚያምኑትን ነዋ!

አሁን ወደ ሥራሽ እንምጣ።

አትልቀቂ። ለጊዜው አትልቀቂ ማለቴ ነው። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይሽ፤ ገንዘቡን በፈለግሽው ስም ጥሪው። አንድ ዕቃ በ10 ገዝተሽ በ100 ሸጥሽ እንበል። አሥር እጥፍ! ለእህትሽ የምታወሪያት ይህንን ነው። መገበያያው ኮሚሽን ይቆርጣል። ከሻጭ ምንም የማይወስዱ አሉ፤ እስከ 20 በመቶ የሚወስዱም አሉ። እኛ 13 እንበል። ማጓጓዣና ማሸጊያ 15 ወሰደ። ባትሪና ማጽጃ 5። የተገዛበት 10። እጅሽ ላይ 57 ቀረ። ዕቃውን ለማግኘት የዞርሽበትን፣ ያጸዳሽበትን፣ ፎቶ ያነሳሽበትን፣ «የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው?» ለሚል ሁሉ የመለስሽበትን፣ ፖስታ ቤት የተሰለፍሽበትን ደምሪው። ሦስት ሰዓት ቢሆን በሰዓት 19 ነው። ክፉ አይደለም።

ግን አብረሽው የገዛሻቸው ሌሎች ሁለት ዕቃዎች አሉ። እነሱም በ10 በ10 የተገዙ ናቸው። እነሱም አንድ አንድ ሰዓት ወስደዋል። አልተሸጡም፤ ካርቶን ውስጥ ናቸው። እነሱን ስታስገቢ ትርፍሽ 37 ይሆናል፤ ሰዓቱ ደግሞ 5። በሰዓት ከ7 ትንሽ ብልጫ። አሥር እጥፍ የተባለው ዕቃ እዚህ ነው የሚያርፈው። ደሞዝሽን በሰዓት አካፍይና አጠገቡ አስቀምጪው።

ካርቶኖቹን የጠቀስሻቸው በባልሽ ማጉረምረም በኩል ብቻ ነው። ለእኔ ግን ከደብዳቤሽ ውስጥ ትልቁ ቁጥር እዚያ ነው ያለው። የካሜራውንና የብዕሩን እጥፍ በቃልሽ ታውቂዋለሽ። በካርቶኖቹ ውስጥ ስንት ገንዘብ ታስሮ እንደተቀመጠ ግን አልጻፍሽልኝም። ሳስበው የምታውቂው አይመስለኝም።

ስለዚህ ደብተር ያዢ። ኮምፒውተር ላይ ይሁን ወረቀት ላይ ግድ የለም። የተገዛበት ቀን፣ ዋጋው፣ የተሸጠበት ቀን፣ የመጨረሻው የተጣራ ገንዘብ፣ የወሰደው ሰዓት። ያልተሸጠውም ይጻፍ፤ እንዲያውም እሱ በቀይ ይጻፍ። አንድ ሙሉ ዓመት እንደዚህ አድርጊ። ለምን ዓመት? ሽያጩ ወቅት ስላለው ነው። ስጦታ የሚገዛበት ወር አለ፤ ማንም የማይጠይቅበት ወር አለ። የሦስት ጥሩ ወራት ትርፍ አይተሽ ሥራ ብትለቂ አራተኛው ወር ያሳዝንሻል። ከዓመቱ ድምር ላይ ደግሞ ሁለቱን ትልልቅ ሽያጮች አውጪና እንደገና ደምሪ። ያለ እነሱም የሚያኖርሽ ከሆነ ያኔ እንነጋገራለን። የማያኖርሽ ከሆነ ደስ የሚል የትርፍ ጊዜ ሥራ አለሽ ማለት ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም።

«ግን እነ እገሌ በአንድ ዕቃ ሀብታም ሆኑ» ትዪኝ ይሆናል። ሆነዋል። በአሜሪካ ቨርጂኒያ አንዲት ሴት ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በ3.99 ዶላር የገዛችው የመስታወት የአበባ ማስቀመጫ በታኅሣሥ 2023 በ107,100 ዶላር ተሸጧል። ጣሊያናዊው አርክቴክት ካርሎ ስካርፓ ለሙራኖ የመስታወት ሠሪዎች የነደፈው ኖሯል። እንዲህ ያለው ወሬ ዓለምን የሚዞረው ብርቅ ስለሆነ ነው። በዚያው ቀን ከዚያው መደርደሪያ የአበባ ማስቀመጫ ገዝቶ አሁንም አበባ የሚያስቀምጥበትን ሰው ማን ዜና ያደርገዋል?

የተሸጠ ሁሉ የተከፈለበት እንዳልሆነም ልብ በይ። ኒው ሃምፕሸር ውስጥ በ4 ዶላር የተገዛ አንድ ሥዕል የታዋቂው ሠዓሊ የኤን. ሲ. ዋየት ሥራ መሆኑ ታወቀና በመስከረም 2023 በጨረታ 191,000 ዶላር ተባለለት። ዓለም ሁሉ ዘገበው። አሸናፊው ገዥ ግን ገንዘቡን ሳይከፍል ቀረ። ትልቅ ጨረታ ቤት ላይ ይህ ከደረሰ አንቺ ላይማ! ገንዘቡ አካውንትሽ ውስጥ ገብቶ የመመለሻ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ሸጥኩ አትበዪ።

የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ሳነብ ግን ዕድል ብቻ የማይመስሉ አሉ። በ2015 ፊኒክስ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የእጅ ሰዓት በ5.99 ዶላር ገዛና በ35,000 ዶላር ሸጠው። ዣገ ለኩልትረ የተባለው የስዊዘርላንድ ሰዓት ሠሪ ድርጅት የጠላቂ ሰዓት ነበር፤ ውሃ ውስጥ የሚደውል። ሰውየው ድሮም ሰዓት ሰብሳቢ ነው። ከሰዓቱ ፊት ላይ ያሉትን ጥቂት ቃላት ሲያይ ምን እንደያዘ ገባው። ከእሱ በፊት ያንን ሰዓት አንስቶ የመለሰ ሰው አይጠፋም።

አንቺም ከካፖርት ወደ ካሜራ፣ ከካሜራ ወደ ብዕር አትዝለዪ። አንድ ወይም ሁለት ዘርፍ ያዢ። ካሜራ ከሆነ ካሜራ። ሌንሱን በባትሪ ብርሃን አሳልፈሽ እዪው፤ እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየሽ ፈንገስ ነው፤ ዋጋውን ክፉኛ ይጥለዋል። የኋላ በሩን ክፈቺ፤ ብርሃን የሚከለክለው ስፖንጅ አርጅቶ እንደ ሬንጅ እጅ ላይ ከተጣበቀ መቀየር አለበት፤ እሱ ግን ቀላል ነው። የባትሪ ቤቱን እዪ፤ አረንጓዴ ዝገት ካለ ተጠንቀቂ። ብዙ የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ካሜራዎች በሜርኩሪ ባትሪ እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው። ያ ባትሪ ዛሬ አይመረትም። ገዥሽ ይህን ካንቺ አስቀድሞ ቢሰማ ያመሰግንሻል፤ ራሱ ቢደርስበት ግን ዕቃውን ይመልሰዋል።

ብዕር ከሆነም እንዲሁ። ጫፉ ላይ «14 ካራት» ወይም «585» የሚል ማኅተም ካለ ወርቅ ነው። በድሮ ብዕሮች ውስጥ ያለው የጎማ ከረጢት ብዙ ጊዜ ደርቆ ይሰነጠቃል። ጥቁሩ አካል ኤቦናይት የተባለው ጠንካራ ጎማ ከሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፊው፤ ወደ ቡናማ ይለወጥብሻል። ያ የሸጥሽው ብዕር ማኪኤ የሚባለው የጃፓን የእጅ ጥበብ ሥራ ይመስለኛል፤ ከዛፍ ሙጫ የሚሠራ አብረቅራቂ ቅብ ተቀብቶ በወርቅ ብናኝ የሚሣል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ማጽዳት እንኳ ለሚያውቅበት መተው ነው። «አብለጭልጬው ልሽጠው» የሚለው ጉጉት ብዙ ውድ ዕቃ ገድሏል። ሰብሳቢ የሚፈልገው አሮጌውን እንደ አሮጌነቱ ነው።

ብር ዕቃ ካጋጠመሽ «925» የሚለው ማኅተም እውነተኛ ብር ነው፤ «ኢ ፒ ኤን ኤስ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ከሆኑ ግን በብር የተለበጠ ነው፤ ተራ ዋጋ ነው ያለው። አሮጌ የሊቫይስ ጂንስ ካየሽ የኋላ ኪሱ ላይ ያለችውን ቀይ ጨርቅ ተመልከቺ። እስከ 1971 ድረስ የድርጅቱ ስም ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደል ነበር የሚጻፍባት። እንዲህ ያለው ትንሽ ዕውቀት ነው እጥፉን የሚያመጣው። ካርቶን ማብዛት አያመጣውም።

ዋጋ ስትተምኚ ሰው የጠየቀውን አትዪ፤ ከፍሎ የወሰደበትን እዪ። ማንም ሰው ለማንኛውም ነገር ሚሊዮን መጠየቅ ይችላል። ብዙ መገበያያዎች ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ። እሱን ተጠቀሚ። አንድ ሽያጭ ብቻ አይተሽም አትወስኚ፤ ምናልባት ሁለት እልኸኞች ተፎካክረው ይሆናል።

ጉድለቱን ደግሞ አትደብቂ። የኢቤይ መሥራች ፒየር ኦሚድያር በ1995 ድረ ገጹን ሲከፍት መጀመሪያ ከሸጣቸው ነገሮች አንዱ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር። 14.83 ዶላር አወጣ። ገዥው መበላሸቱን አልተረዳ ይሆን ብሎ ጠየቀው። ሰውየውም የተበላሹ የሌዘር መጠቆሚያዎች ሰብሳቢ ነኝ አለው! የተሰበረ ነገርም ፈላጊ አለው፤ የተሰበረ መሆኑ ከተነገረ። ጭረቱን አቅርበሽ ፎቶ አንሺው። ተከታታይ ቁጥሩን አንሺ። ስታሽጊም አንሺ። ጥሩውን ዕቃ ወስዶ የራሱን ብልሽት የሚመልስ ገዥ አለ፤ ያኔ ፎቶው ይናገርልሻል። ከመገበያያው ውጪ ልክፈልሽ፣ ወይም «ተሳስቼ አብልጬ ላክሁ፣ ትርፉን መልሺልኝ» የሚልሽን ደግሞ መልስ እንኳ አትስጪው።

ሳትነኪ የምታልፊውም አለ። የሕፃናት የመኪና መቀመጫና የራስ ቁር ያገለገለ አትሽጪ። አደጋ ደርሶበት እንደሆነ ከላይ አይታይም። ማረጋገጥ የማትችዪውን ውድ ቦርሳ አትንኪ። የዝሆን ጥርስ አትንኪ፤ ንግዱ በብዙ አገር የተከለከለ ነው። ሳጥኑ ያልተከፈተ አዲስ ነገር በማይታመን ርካሽ ከቀረበልሽ የማን እንደሆነ ጠይቂ። በጣም አሮጌ ከሆነም ጠይቂ። በ2018 ቴክሳስ ኦስቲን ውስጥ አንዲት ሴት ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የድንጋይ ራስ ሐውልት በ34.99 ዶላር ገዛች። የሁለት ሺህ ዓመት የሮማውያን ሥራ ሆነ። ሙያዋ ዕቃ መሸጥ ነው፤ ይህን ግን መሸጥ አልቻለችም። ጀርመን አሻፈንቡርግ ከሚገኝ ሙዚየም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጠፋ ነበርና። በ2023 ወደ ጀርመን ተመለሰ። ግብርን በተመለከተ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ አንድ ካፖርት ሽጦ መገላገልና ለመሸጥ ብሎ እየገዙ መሸጥ በሕግ ፊት አንድ አይደሉምና የምትኖሪበትን አገር ደንብ ዓመቱ ሳይዘጋ ጠይቂ።

የባለቤትሽን ነገር አልረሳሁም። እውነቱን ነው። አንድ ክፍል ወይም አንድ መደርደሪያ ተስማሙና ከዚያ አትለፊ። መደርደሪያው ከሞላ አዲስ ዕቃ አይገባም። ስድስት ወር ያለፈውን ዋጋውን ቀንሺ፤ ያም ካልሆነ በአንድ ላይ አሽገሽ በገዛሽበት ልቀቂው፤ ያም ካልሆነ ስጪው። የገዛሽበትን አስልተሽ ልብሽ እንዳይቆረጥ። ቦታውም ዋጋ አለው፤ የቤቱ ሰላምም እንዲሁ።

እህትሽን በተመለከተ፣ ስለ ብዕሩ ያለችሽን ሰምቻለሁና ዕቃ እንድትገዛ ከመላክሽ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ሰው ዋጋ ሲጠይቃችሁ ምን እንደምትመልሱ ተስማሙ። እሷ «ማን አስገደዳቸው» የምትል ከሆነ፣ አንቺ ደግሞ አንገትሽን የምትደፊ ከሆነ፣ በአንድ ስም መሸጥ አይሆንላችሁም። ከተስማማችሁ ግን በጽሑፍ ይሁን፤ ማን ምን ያህል አዋጣ፣ ያልተሸጠ ዕቃ ኪሳራው የማን ነው፣ የተመለሰስ? እህትማማች መሆናችሁ ይህን አያስቀረውም። መጀመሪያ ፎቶ ማንሳቱን፣ ማሸጉንና መላኩን ስጫት፤ በሠራችው ልክ ክፈያት። መግዛቱን ግን ለጊዜው ለማንም አትስጪ፤ ለራስሽም ጭምር፣ ቤት ያለው ካርቶን ግማሽ እስኪደርስ።